ሣጥኑ የወሰነው ተራ፦ አንድ አጣሪ ብቻ ባለበት ክፍል የአገልግሎት ቅደም ተከተልና የመጠበቂያ ጊዜ

መነሻ

ይህ የጉዳይ ጥናት አንድ ሰነድ አጣሪ ብቻ በነበረበት የመዝገብ ክፍል የአገልግሎት ተራው በተደጋጋሚ ሲቀየር የታየውን ይመዘግባል። በእነዚህ ለውጦች ወቅት፣ በመጨረሻ ለአንድ ወቅት ብቻ ከመጣ ረዳት በቀር፣ የሰው ኃይል አልተጨመረም፤ አጣሪውም ከቀድሞው በፍጥነት አልሠሩም። የተለወጠው «ቀጥሎ የሚነሣው የትኛው ፋይል ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብቻ ነበር፤ ሆኖም የዚያ መልስ ውጤት ከጠበቅነው በአንዳንድ በኩል በጣም የበዛ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ፈጽሞ የሌለ ሆኖ ተገኘ። የተቋሙንና የሰዎቹን ማንነት አልጠቅስም፤ የሥራውን ቁጥሮችም አንባቢ በወረቀት አስልቶ ሊያረጋግጣቸው እንዲችል አጠጋግቻቸዋለሁ።

ክፍሉ እንዴት ይሠራ ነበር

ባለጉዳዩ ፋይሉን በመስኮት ለተቀባይዋ ያስረክባል፤ ተቀባይዋም ከበስተኋላዋ ባለው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ክፍት ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች። አጣሪው አንዱን ፋይል ጨርሰው ማኅተም ከመቱ በኋላ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ይሰዳሉ፤ እጃቸው የሚያርፈው ደግሞ ከሁሉ በላይ ባለው፣ ማለትም መጨረሻ በገባው ፋይል ላይ ነው። «በኋላ የመጣ ይቅደም» ብሎ ደንብ ያወጣ ሰው አልነበረም። ደንቡን ያወጣው ሣጥኑ ነው።

ሥራ ቀለል ሲል ይህ ምንም ችግር አልነበረውም፤ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ካለ ላይና ታች የለውም። ሥራ ሲበዛ ግን ጠዋት የገባ ፋይል በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ እየተደረበበት ቀኑን ሙሉ ከሥር ይቀመጥና ያድራል፤ በማግሥቱም አዲስ የገቡት እንደገና ይጫኑታል። እኔ ሣጥኑን መጀመሪያ ባየሁበት ቀን ከታች የነበረው ፋይል ጠርዙ ከክብደት ብዛት ታጥፎ ነበር።

ቅሬታውና ሪፖርቱ

የባለጉዳዮቹ ቅሬታ «ከእኔ በኋላ የመጣው ጨርሶ ሄደ» የሚል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ በበኩላቸው በየወሩ የሚዘጋጀውን ሪፖርት እያሳዩ አማካይ የመጠበቂያ ጊዜው ከአንድ ሰዓት በታች እንደሆነ፣ ቅሬታውም ከትዕግሥት ማጣት የመጣ እንደሚመስላቸው ይናገሩ ነበር። ጥናት እንዳደርግ የተጠየቅሁት በዚህ መሐል ነው። ሁለቱም ወገኖች እውነት መናገራቸውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ አንደኛው ወገን ስለ አማካዩ፣ ሌላው ደግሞ አማካዩ ስለሸፈነው የመጠበቂያ ጊዜ መራራቅ ይናገራል።

በእርሳስ የተጻፉ ሰዓቶች

ለሁለት ሳምንት በእያንዳንዱ ፋይል ጠርዝ ላይ ሦስት ሰዓቶች በእርሳስ እንዲጻፉ ተስማማን፦ የገባበት፣ ማጣራቱ የተጀመረበትና ያለቀበት። በሁለተኛው ቀን ተቀባይዋ አንድ ነገር አሳየችኝ። አንድ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ቀርቦ «አንድ ገጽ ሳላስገባ ቀርቻለሁ» በማለት ፋይሉን ከክምሩ ሥር አስወጣ፤ ወንበሩ ላይ ጥቂት ተቀምጦም ምንም ሳይጨምር መልሶ አስረከበ። ፋይሉ አሁን ከላይ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ልምድ ያላቸው ባለጉዳዮች የሣጥኑን ሕግ ከኃላፊው ቀድመው አውቀውት ነበር።

ይህ ድርጊት ከብልጠትነቱ ይልቅ በመዝገቡ ላይ ያደረሰው ጉዳት ይበልጣል። ፋይሉ ተመልሶ ሲገባ እንደ አዲስ ገቢ ይመዘገብ ስለነበር ቀድሞ የጠበቀው ጊዜ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ኃላፊው የሚያሳዩት አማካይ ስለዚህ ከእውነተኛው ያነሰ ነበር፤ ማንም ሆን ብሎ አላዛባውም፣ ግን ተዛብቷል።

ስሌቱ ምን አለ

በእርሳስ ከተጻፈው የሚከተለውን አገኘን። ፋይሎቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ እድሳት የሆነው 6 ደቂቃ ያህል፣ አዲስ ማመልከቻ የሆነው ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሰዓት በአማካይ 3 አጭርና 1 ረጅም ፋይል ይመጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰዓት የሚመጣው ሥራ 18 እና 30፣ በድምሩ 48 ደቂቃ ሲሆን አጣሪው 80 በመቶ በሥራ የተያዙ ናቸው ማለት ነው።

የወረፋ ሒሳብ የተጀመረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ በ1909 ስለ ኮፐንሃገን የስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ሥራ ሲሆን፣ እዚህ የተጠቀምሁበት ቀመር ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፖላቼክና ኪንቺን የደረሱበት ነው። ቀመሩ ፋይሎች በዘፈቀደ እንደሚመጡ ስለሚያስብና ክፍሉ ማታ እንደሚዘጋ ስለማያውቅ ከልኬታችን ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አቅጣጫውን ለማየት ግን ይበቃል። አዲስ ፋይል በሚገባበት ቅጽበት አጣሪው እጅ ላይ ካለው ሥራ የሚቀረው ጊዜ፣ እጃቸው ባዶ የሆነበትም አጋጣሚ ተቆጥሮ፣ በአማካይ 8.4 ደቂቃ ይሆናል። ይህንን አጣሪው ከሥራ ነፃ ለሚሆኑበት ድርሻ፣ ማለትም ለ0.2 ስናካፍለው 42 ደቂቃ እናገኛለን። ይህ በመጡበት ተራ ቢስተናገዱ የሚኖረው አማካይ ነው።

ኃላፊውን ያስገረማቸው ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው። ከላይ ቢነሣም፣ ከሥር ቢነሣም፣ በዕጣም ቢወጣ አማካዩ ያው 42 ደቂቃ ነው። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም፤ ርዝመታቸው ያልታየ ሁለት ፋይሎች ቦታ ቢለዋወጡ አንዱ ያተረፈውን ሌላው ይከስረዋል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ብዛትም አይለወጥም። ጆን ሊትል በ1961 እንዳረጋገጠው ደግሞ በወረፋው ላይ ያሉት አማካይ ቁጥር በመጪዎቹ ፍጥነትና በአማካይ የመጠበቂያ ጊዜ ብዜት እኩል ስለሆነ፣ ብዛቱ ካልተለወጠ አማካይ ጊዜውም አይለወጥም።

የሚለወጠው መበታተኑ ነው። ለዚሁ ሥራ መደበኛ ልይይቱን፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ልኬት፣ ሳሰላው በመጡበት ተራ ሲስተናገዱ 50 ደቂቃ፣ በዕጣ ሲሆን 73 ደቂቃ፣ የኋለኛው ሲቀድም ደግሞ 140 ደቂቃ ያህል ሆነ። ኪንግማን በ1962 እንዳሳየው፣ አገልጋዩ ሥራ እያለ እስካልቦዘነና ምርጫው የሥራውን ርዝመት እስካላየ ድረስ፣ ከሁሉም ተራዎች ዝቅተኛውን ልይይት የሚሰጠው በመጡበት ቅደም ተከተል ማስተናገድ ነው። በ42 ደቂቃ አማካይ ላይ የ140 ደቂቃ ልይይት ማለት ብዙዎች ወዲያው ሲወጡ ጥቂቶች እዚያው ይረሳሉ ማለት ነው፤ የባለጉዳዮቹም ቅሬታ ቃል በቃል ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ለውጥ፦ ከክምር ወደ መደርደሪያ

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ሣጥኑ ተነሥቶ ፋይሎቹ እንደ መጽሐፍ በጀርባቸው ቆመው የሚደረደሩበት ጠባብ መደርደሪያ ተተካ፤ ተቀባይዋ ከቀኝ ታስገባለች፣ አጣሪው ከግራ ያነሣሉ። ቁጥር መስጠት፣ መጥራት፣ መቆጣጠር አላስፈለገም፤ እጅ ቀድሞ እንደለመደው ወደ ቅርቡ ይሄዳል፣ ቅርቡ ደግሞ አሁን ቀድሞ የመጣው ነው። ደንብ ለጥፎ ሰውን ከማስታወስ ይልቅ ዕቃው ራሱ ደንቡን እንዲያስጠብቅ ማድረግ የተሻለ ነው የሚለው እምነቴ የተጠናከረው እዚህ ላይ ነው።

«ተራዬ ታለፈ» የሚለው ቅሬታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ሆኖም የወሩ ሪፖርት ሲወጣ አማካዩ ከፍ ብሎ ታየ፤ ኃላፊውም ለውጡ ሥራውን እንዳበላሸው ጠረጠሩ። ያጋጠመው ግን ሌላ ነው። ፋይል አውጥቶ መልሶ ማስገባት አሁን የሚጎዳው ራሱን ባለጉዳዩን ስለሆነ ማንም አያደርገውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ከመዝገቡ ይጠፋ የነበረው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጠረ። ከእርሳስ ጽሑፉ ጋር ስናስተያየው እውነተኛው አማካይ ከፍም ዝቅም አላለም። ይህን ለማስረዳት ሦስት ስብሰባ ፈጀብኝ፤ ከለውጡ በፊት ሪፖርቱ እንዴት እንደሚቆጥር አስቀድሜ ባስረዳ ኖሮ አንዱ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ፦ አጭሩ ይቅደም

ኃላፊው ቀጥለው የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፦ ሰው ሳይጨመር አማካዩን ራሱን መቀነስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ተራው የፋይሉን ርዝመት እንዲያይ ከተፈቀደ። አንድ የ30 ደቂቃና ሦስት የ6 ደቂቃ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ቢገኙና ረጅሙ ቢቀድም የሚጠብቁት ጊዜ 0፣ 30፣ 36 እና 42 ደቂቃ፣ በአማካይ 27 ደቂቃ ይሆናል። አጭሮቹ ቢቀድሙ ደግሞ 0፣ 6፣ 12 እና 18 ደቂቃ፣ በአማካይ 9 ደቂቃ ብቻ ነው። አጣሪው በሁለቱም የሚሠሩት 48 ደቂቃ ነው።

ኮብሃም በ1954 ባወጣው የቅድሚያ ቀመር መሠረት የክፍሉን ቁጥሮች ሳሰላ አጭሮቹ 12 ደቂቃ፣ ረጅሞቹ 60 ደቂቃ፣ ሁሉም በአንድነት በአማካይ 24 ደቂቃ እንደሚጠብቁ ተገኘ። 42 የነበረው 24 ሆነ ማለት ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት፦ ተራውን ሳንነካ ከሚመጡት ስምንት ፋይሎች አንዱን ብናስቀር እንኳ አማካዩ ከ24.5 ደቂቃ በታች አይወርድም። አጣሪው ራሳቸው ያቀረቡት ሐሳብ «ከባዱን አስቀድመን እንገላገል» የሚል ነበር፤ ለአንድ ሰው የግል ሥራ ጥሩ ልማድ ሊሆን ይችላል፣ ለወረፋ ግን ስሌቱ አማካዩን ወደ 67 ደቂቃ ያደርሰዋል።

ትርፉ ግን ከሰማይ አልወረደም። ክላይንሮክ በ1965 ያወጣው የጥበቃ (ድምሩ ሳይለወጥ የመቆየት) ሕግ እንደሚለው፣ አንድ የተጀመረ ሥራ እስካልተቋረጠ ድረስ የየወገኑ የመጠበቂያ ጊዜ በሥራ ድርሻው ተባዝቶ ሲደመር ተራው ቢለወጥም አይለወጥም። በእኛ ጉዳይ የአጭሮቹ ድርሻ ከ60 ደቂቃ 18፣ ማለትም 0.3፣ የረጅሞቹ ደግሞ ከ60 ደቂቃ 30፣ ማለትም 0.5 ነው፤ 0.3 በ12 እና 0.5 በ60 ተባዝተው ሲደመሩ 33.6 ይሰጣሉ፤ 0.8 በ42 ሲባዛም ያው 33.6 ነው። የአዲስ ማመልከቻ ባለቤቶች ከ42 ወደ 60 ደቂቃ ሄደዋል፤ ይህንን ከመጀመሪያው ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቄ ፈቃዳቸውን የጠየቅሁት ውሳኔው የሒሳብ ሳይሆን የእርሳቸው ስለሆነ ነው። ፈቀዱ፤ መደርደሪያው በሁለት ተከፈለ፣ ቀኙ ለአጭሮቹ፣ ግራው ለረጅሞቹ።

ያልሠራው

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀባይዋ አጭሩን ከረጅሙ የምትለየው በውፍረቱ ነበር። አልሠራም። ስም በሁለት ሰነድ ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈበት ባለ አራት ገጽ ፋይል ከወፍራሞቹ በላይ ጊዜ ሲበላ፣ በቅጂ የተሞላ ወፍራም እድሳት ደግሞ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። በጥያቄው ዓይነት መለየት ስንጀምር ስሕተቱ ቀነሰ፤ ፍጹም አልሆነም፣ ግን መለያው በተሳሳተ ቁጥር የሚጎዳው ትርፉ ብቻ እንጂ አሠራሩ አይደለም።

ከባዱ ውድቀት የእድሳት ወቅት ሲደርስ መጣ። አጭር ፋይሎች በሰዓት ከ3 ወደ 6 ሲያድጉ በእያንዳንዱ ሰዓት የሚመጣው ሥራ 36 እና 30፣ በድምሩ 66 ደቂቃ ሆነ። አጭሮቹ ቅድሚያ ስላላቸው ምንም አልተሰማቸውም፤ 36 ደቂቃቸውን ወስደው ይሄዳሉ። የጎደለው 6 ደቂቃ በሙሉ በረጅሞቹ ላይ አረፈ፤ በሰዓት አንድ ይመጣል፣ ለእነርሱ የተረፈው 24 ደቂቃ ግን አንዱን እንኳ አያስጨርስም። የግራው መደርደሪያ በየቀኑ እየሞላ ሲሄድ የቀኙ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያያል፤ የአዲስ ማመልከቻ ባለቤቶች መቆጣታቸው ተገቢ ነበር።

እኔ ያመጣሁት መፍትሔ ሁለት ሰዓት የጠበቀ ረጅም ፋይል ከሁሉም እንዲቀድም ማድረግ ነበር። ይህ የእኔ ስሕተት ነው። በዚያን ጊዜ በመደርደሪያው ያሉት ረጅም ፋይሎች ሁሉ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆዩ ስለነበሩ ደንቡ በተግባር «ረጅሙ ይቅደም» ሆነ፤ ልናስወግደው የሞከርነውን አሠራር በጓሮ በር አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን የእድሳት ባለጉዳዮች ወረፋ ከደጅ ወጣ። የዕድሜ ገደብ ጥቂት ፋይሎች ሲዘገዩ ይረዳል፤ ሁሉም ሲዘገዩ ግን ተራውን ይገለብጠዋል።

በመጨረሻ የጸናው ደንብ «ከአምስት አጭር በኋላ አንድ ረጅም» የሚለው ነው። አምስት አጭር 30 ደቂቃ፣ አንድ ረጅም 30 ደቂቃ፤ አንድ ሰዓት ሞላ። ለረጅሞቹ የሚበቃ ድርሻ ተጠበቀላቸው፤ የጎደለው በሰዓት 6 ደቂቃ፣ በስምንት ሰዓት ቀን 48 ደቂቃ፣ አሁን በአጭሮቹ ላይ በግልጽ ታየ። በግልጽ በመታየቱም ኃላፊው ለዚያ ወቅት ብቻ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እድሳት የሚያይ ረዳት ከሌላ ክፍል አስመጡ። የሚመጣው ሥራ ከሚሠራው ሲበልጥ ተራ የሚወስነው ጉድለቱን ማን እንደሚሸከም ብቻ ነው፤ ይህንን ከወቅቱ በፊት ማስላት ይቻል ነበር፣ አላሰላሁትም።

ስለ «አስቸኳይ» ፋይሎች

ከበላይ ኃላፊዎች የመጣ ፋይል በተላላኪ ሲደርስ አጣሪው የያዙትን አስቀምጠው ወደ እርሱ ይዞሩ ነበር። የተቋረጠው ፋይል ሲመለሱበት ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ ሃያ ደቂቃ የተነበበ ሃያ ደቂቃ ባከነ ማለት ነው። ይህ ሥራን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ሳይሆን አዲስ ሥራ መፍጠር ስለሆነ ከላይ ያሉት ስሌቶች ሁሉ በእርሱ ላይ አይሠሩም። አስቸኳይ ፋይል ከወረፋው ፊት እንዲቆም፣ ነገር ግን የተጀመረውን እንዳያስቆም ተስማማን። የሚገርመው፣ ተላላኪው ቆሞ መጠበቅ ሲጀምር የአስቸኳይ ፋይሎች ቁጥር ራሱ ቀነሰ።

ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ

ሽሬጅ በ1968 እንዳረጋገጠው፣ በማንኛውም ቅጽበት በወረፋው ያሉትን ሥራዎች ቁጥር ከሁሉ የሚያሳንሰው ሁልጊዜ የቀረው ጊዜ አጭር የሆነውን ሥራ ማስቀደም፣ አስፈላጊም ከሆነ የተያዘውን ማቋረጥ ነው። ኮምፒዩተር ሥራውን ካቆመበት ያለ ኪሳራ ሊቀጥል ስለሚችል ይህ ለእርሱ ጠቃሚ ነው፤ ሰነድ የሚያነብ ሰው ግን አይችልም። አሠራር ከመቅዳት በፊት «ሥራው ሲቋረጥ ምን ይጠፋል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁሉም ደቂቃ እኩል ዋጋ የለውም፤ ጥገና የሚጠባበቅ አንድ ማሽን ብዙ ሠራተኛ ሥራ ሊያስፈታ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመዘግየቱ ጉዳት በደቂቃ ተገምቶ ለሥራው ርዝመት ይካፈላል፤ ድርሻው የበለጠው ይቀድማል። ጉዳቱ ለሁሉም እኩል ሲሆን ይኸው ደንብ ተመልሶ «አጭሩ ይቅደም» ይሆናል።

የኋለኛውን ማስቀደምም ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። የሙቀት መለኪያ በየሰከንዱ ንባብ ሲልክና ተቀባዩ ሁሉንም ማስተናገድ ሲያቅተው፣ የቀደመውን ንባብ ማስቀደም ማለት ሁልጊዜ ያለፈውን ሙቀት እያዩ መኖር ነው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ዋጋ ስላጣ ቢቀር የሚከፋው የለም። በመዝገብ ክፍሉ ግን ከሥር የነበረው ፋይል ከላይ ካለው ያላነሰ ዋጋ ነበረው፤ ባለቤቱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።